የምርምር መረጃ አያያዝ ፍላጎት ዳሰሳ በብዝኃ ሙያ የጥናት ቡድኖች፤ ነቀምቴና የወለጋ ከተሞች እንደ ማሳያ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከተለያዩ የሙያ ዘርፎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች በአንድ ቡድን ሲያጠኑ የሚሰበስቡትን መረጃ ለመያዝ፣ ለመግለጽ፣ ለመጠበቅና ለሌላ አጥኚ ለማስተላለፍ ምን እንደሚያስፈልጋቸው እንዴት መዳሰስ እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ለማሳያነት የተመረጡት ነቀምቴና የወለጋ ከተሞች ናቸው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢው በታሪክ ሰነድ፣ በሥነቃል፣ በግብርናና በጤና ጥናት በኩል ብዙ የተሠራበት፣ በዚያው ልክም ብዙ መረጃ የባከነበት ነው።

የሥነጽሑፍ ተማሪ ይህን ርእስ ሲያይ የኮምፒውተር ባለሙያ ወይም የቤተመጻሕፍት ሠራተኛ ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የቃል ግጥሞችን ሲቀዳ፣ የሽማግሌን ትረካ ሲመዘግብ፣ አሮጌ ደብዳቤ ፎቶ ሲያነሳ የሚይዘው ነገር ሁሉ የምርምር መረጃ ነው። ጥናቱ ታርሞ፣ ተጠርዞ ቤተመጻሕፍት ይገባል። ጥናቱ የቆመበት ድምፅ፣ ማስታወሻና ፎቶግራፍ ግን በአጥኚው መሳቢያ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሳቢያው ራሱ የት እንዳለ አይታወቅም።

ይህ ጸሐፊ ይህን ከራሱ ስሕተት ነው የተማረው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ በደቦ ሥራ ላይ የሚዜሙ ዜማዎችን በአራት ካሴቶች ቀድቶ ነበር። በካሴቶቹ ላይ የጻፈው «ነቀምቴ 1»፣ «ነቀምቴ 2» እያለ እስከ አራት ብቻ ነው። ማን አወጣው፣ ማን ተቀበለ፣ በየትኛው ማሳ ላይ፣ በምን ወር የሚለውን በቃሉ ያውቀው ስለነበር መጻፍ አላስፈለገውም። ከዓመታት በኋላ አንድ የሙዚቃ አጥኚ ካሴቶቹን ፈልጎ በጠየቀው ጊዜ ሁለቱ አልሰሙም። በተቀሩት ሁለቱ ላይ ድምፁ አለ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ግን ጸሐፊው ሊናገር አልቻለም። «የቃል ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል» የሚለው ብሂል በከፊል ብቻ እውነት ነው። የተቀዳና የተጻፈም ቢሆን በአግባቡ ካልተገለጸ አይወረስም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በሥነሕይወት ዘርፍ በታተሙ 516 ጽሑፎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ጽሑፎቹ የተመሠረቱባቸውን መረጃዎች ከደራሲዎቻቸው በመጠየቅ ምን ያህሉ እንደሚገኝ ፈትሾ ነበር። ውጤቱ ጽሑፉ በአንድ ዓመት ባረጀ ቁጥር መረጃው የመገኘት ዕድሉ በ17 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የላቦራቶሪ መረጃ ቢጠፋ አንዳንዱን ሙከራ ደግሞ መሥራት ይቻላል። በ1980ዎቹ በሰማኒያ ዓመታቸው የተረኩን ሽማግሌ ግን ደግሞ መጠየቅ አይቻልም።

2. ከነቀምቴ የሚገኝ ትምህርት

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ቀድሞ የወለጋ ጠቅላይ ግዛትና ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረች፣ ዛሬ የምሥራቅ ወለጋ ዞን መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። መረጃ እንዴት እንደሚተርፍና እንዴት እንደሚጠፋ ለማየት ከዚህ አካባቢ ጋር የተያያዙ ጥቂት ሥራዎችን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የሞሮዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞሮዳ ቤት ሰነድ ነው። ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተብለው በደጃዝማችነት ማዕረግ ሌቃ ነቀምቴን ያስተዳደሩ ናቸው። በእነዚህ ገዢዎችና በአዲስ አበባ ቤተመንግሥት መካከል የተመላለሱት ደብዳቤዎች በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ የወለጋን ታሪክ ሰነዶች አሰባስበው ለኅትመት በማብቃታቸው፣ በአንድ ከተማ ይገኝ የነበረው ወረቀት የብዙ ተመራማሪዎች መነሻ ሊሆን ችሏል። የታሪክ አጥኚው በውስጡ ግብርንና ሥልጣንን ያያል። የኢኮኖሚ አጥኚው ወርቅን፣ የዝሆን ጥርስንና ንግድን ይፈልጋል። የቋንቋ አጥኚው ደግሞ የአማርኛ ስድ ንባብ ከመሐል አገር ውጭ እንዴት ይጻፍ እንደነበር፣ የኦሮምኛ ስሞች በግእዝ ፊደል እንዴት እንደተቀረጹ ይመረምራል። አንዱ ሰነድ ለሦስት ሙያ የሚያገለግለው ግን ሙሉ ቃሉ፣ ላኪው፣ ተቀባዩና ቀኑ አብረው ከተያዙ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአስቴር ጋኖና የአናሲሞስ ነሲብ ሥራ ነው። ሁለቱ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ነፃ የወጡ፣ በምፅዋ አቅራቢያ በምትገኘው በሞንኩሎ በአንድነት የሠሩ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብተው ያስተማሩ ናቸው። አስቴር አምስት መቶ ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን እንዳሰባሰቡ ይነገራል። ከእነዚህ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በግእዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገብተዋል። ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ክምችት ዛሬም ሲነበብ፣ በካሴት የተቀዳ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ሥራ መጥፋቱ ሊያስገርም ይገባል። ልዩነቱ የመሣሪያ አይደለም። የመጀመሪያው በብዙ ቅጂ ታትሞ በተለያየ ቦታ ተቀመጠ፤ ሁለተኛው በአንድ ቅጂ በአንድ ሰው እጅ ቀረ።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1922 የታተመው የኤንሪኮ ቼሩሊ የኦሮሞ ሥነቃል ስብስብ ነው። መጽሐፉ ዛሬ ተቀባይነት የሌለውን የዘመኑን ስያሜ በርእሱ ይዟል። ቼሩሊ አብዛኛውን ነገር ያገኘው በኔፕልስ ካገኛቸው ሎራንሲዮስ ከሚባሉ ሰው ነበር፤ ይህንንም ገልጾ ጽፏል። የዛሬው አጥኚ በስብስቡ ላይ ሂስ ለማቅረብ የሚችለው፣ አቀባዩ ከአገራቸው ርቀው በትውስታ የተናገሩ አንድ ሰው እንደነበሩ ስለሚያውቅ ነው። የአቀባዩ ማንነት ባይጻፍ ኖሮ ስብስቡ የመላው ሕዝብ ድምፅ መስሎ ይቀር ነበር።

ከነዚህም ሌላ የላምበርት ባርተልስ የምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖታዊ እምነት ጥናት (እ.ኤ.አ. 1983) እና ነጋሶ ጊዳዳ ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 በፍራንክፈርት ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በሽማግሌዎች ቃል ላይ የቆሙ ናቸው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሲያረጁ የትንታኔያቸው ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። በውስጣቸው የተጠበቀው የሰው ቃል ዋጋ ግን ይጨምራል።

3. የየሙያው ፍላጎት ለየቅል ስለመሆኑ

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ቅጥር ግቢዎቹ የተለያዩ የትምህርት ዘርፎች በአንድ ተቋም ሥር ተሰባስበዋል። በደምቢ ዶሎም ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ አለ። የገንዘብ ድጋፍ ሰጪዎችም ከአንድ ሙያ ይልቅ የብዙ ሙያ ቅንጅትን ያበረታታሉ። በመሆኑም የሥነጽሑፍ ሰው ከግብርና፣ ከጤናና ከጂኦግራፊ ሰው ጋር አንድ ላይ መሥራቱ እየተለመደ መጥቷል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ቡድን እናስብ። ቡድኑ በጊምቢ ዙሪያ የሚገኙ ቡና አምራች ገበሬዎችን ኑሮ ያጠናል እንበል። አባላቱ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ አንድ የጂኦግራፊ ባለሙያና አንድ የሥነቃል አጥኚ ናቸው። ሁሉም ወደ አንድ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚያነጋግሩት አንድ ቤተሰብን ነው። ይሁን እንጂ ይዘው የሚመለሱት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የግብርናው ሰው መረጃ በቁጥር የተሞላ ሠንጠረዥ ሲሆን ዋጋው በርዝመቱ ላይ ነው። ለዚህ ከነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኘው ባኮ ጥሩ ምሳሌ ናት። የባኮ የግብርና ምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢ ኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዝርያ የወጣበት ነው። ስያሜው ራሱ የባኮን ስም ይዟል። አንድ ዝርያ ለገበሬ እስኪደርስ በየመደቡ፣ በየወቅቱ የተመዘገበ ልኬት ያስፈልጋል። የአንድ ክረምት መዝገብ ቢጠፋ ያ ክረምት ተመልሶ አይዘንብም። ስለዚህ የዚህ ሙያ ፍላጎት ያልተቋረጠ፣ መለኪያው ያልተለዋወጠ ምዝገባ ነው።

የጤና ባለሙያው መረጃ ጥቂት ቦታ የሚይዝ ሆኖ ሳለ ጥብቅ ምሥጢራዊነትን ይጠይቃል። ማን ታመመ፣ በምን ታመመ የሚለው ከቡድኑ ሳይቀር ሊሰወር የሚገባው ጊዜ አለ። የጂኦግራፊው ሰው የቦታ መጋጠሚያዎችንና የሳተላይት ምስል ይይዛል። እያንዳንዱን ቤት በካርታ ላይ በነጥብ ሲያስቀምጥ፣ ሳያስበው የጤና ባለሙያው የሰወረውን ስም ሊገልጥ ይችላል። ስሙ ቢፋቅም ቤቱ ይናገራልና።

የሥነቃል አጥኚው በበኩሉ በቦታ ብዛት ከሁሉም ይበልጣል። ሳይጨመቅ በጥሩ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ አንድ ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። አርባ ሰዓት ቢቀዳ አርባ ጊጋ ባይት፣ በሦስት ቅጂ ቢቀመጥ 120 ጊጋ ባይት ይሆናል። ተንቀሳቃሽ ምስል ሲጨመር ከዚያ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በቡድኑ በጀት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የመጓጓዣና የውሎ አበል እንጂ የማከማቻ ዲስክ ዋጋ አይታይም።

ሌላም ጉዳይ አለ። በወለጋ የመስኩ ቋንቋ በአብዛኛው ኦሮምኛ ነው። በአማርኛ የሚጻፍ ጥናት ላይ ግን ግጥሙ ተተርጉሞ ይቀርባል። አጥኚው ቦታ ለመቆጠብ ትርጉሙን ብቻ ካስቀመጠና መነሻውን ከጣለ፣ ቀጣዩ አንባቢ ዜማውን፣ ቤት አመታቱን፣ የቃሉን ድርብ ትርጉም የሚፈትሽበት መንገድ የለውም። የትርጉሙን ትክክለኛነት መጠየቅም አይችልም። ስለዚህ ድምፁ፣ በኦሮምኛ የተገለበጠው ጽሑፍና የአማርኛው ትርጉም ሦስት የተለያዩ መረጃዎች ሆነው ጎን ለጎን መያዝ አለባቸው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጥናቱ መፈተኛ እርሱ ነው።

4. ስም፣ ቦታ፣ ዘመንና ፊደል

አምስቱ ተመራማሪዎች ከመስክ ተመልሰው መረጃቸውን አንድ ላይ ለማድረግ ሲሞክሩ የሚያጋጥማቸው የመጀመሪያው እንቅፋት ከባድ የኮምፒውተር ችግር አይደለም። የአጻጻፍ ችግር ነው። በዚህ ረገድ የቋንቋ ሰው ከሁሉም የበለጠ ሊረዳ ይችላል።

የከተማዋን ስም እንውሰድ። በአማርኛ ነቀምት፣ ነቀምቴ፣ ለቀምት እየተባለ ይጻፋል። በቁቤ ሲጻፍ በአንድ መልክ፣ በእንግሊዝኛ ካርታዎች ላይ ደግሞ በብዙ መልክ ይገኛል። ቡናዋ በዓለም ገበያ የሚታወቀው ከሦስተኛው አጠራር በመጣ ስም ነው፤ ከጊምቢና ከሌሎች ወረዳዎች የሚመጣው ቡናም በዚሁ የገበያ ስም ይጠራል። የኢኮኖሚው ሰው «ለቀምት» ብሎ የመዘገበውን ኮምፒውተሩ ከሥነቃል አጥኚው «ነቀምቴ» ጋር አንድ ነው ብሎ አይረዳም። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው የቡና ዓይነት፣ ሁለተኛው ከተማ ሊሆን ይችላል።

ቦታም እንዲሁ ይለዋወጣል። «ወለጋ» የሚለው ቃል በቀድሞው ክፍለ ሀገር ዘመን አሶሳን ጭምር የሚያጠቃልል ነበር። ዛሬ አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ወለጋ የሚለው ስም ደግሞ የምሥራቅ ወለጋ፣ የምዕራብ ወለጋ፣ የቄለም ወለጋና የሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የጋራ መጠሪያ ሆኗል። የሁለት ዘመን የሕዝብ ቁጥር ወይም የምርት መጠን ወሰኑን ሳያጣራ የሚያነጻጽር ሰው ሁለት የተለያዩ አገሮችን ያነጻጽራል።

ዘመን ሦስተኛው ነው። የግብርናው ባለሙያ «1993» ብሎ ሲጽፍ የፈረንጆቹን፣ የሥነቃል አጥኚው «1985» ሲል የእኛን አቆጣጠር ማለቱ ይሆናል፤ ሁለቱም ስለ አንድ የዝናብ ወቅት እያወሩ ሊሆን ይችላል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክት በሠንጠረዡ ራስጌ ካልተጻፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ሰዓቱም ያው ነው። «2፡00» ከጧቱ ሁለት ሰዓት ይሁን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ስለ ወባ ትንኝ ለሚያጠና ሰው ታላቅ ልዩነት አለው።

አራተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የአማርኛ ጽሑፎች በየድርጅቱ በተሠሩ፣ እርስ በርሳቸው በማይግባቡ የፊደል ፕሮግራሞች ይተየቡ ነበር። በእነዚያ የተተየበ ፋይል ፕሮግራሙ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይደረደራሉ። በብዙ የትምህርት ክፍሎች መሳቢያ ውስጥ የሚገኙ አሮጌ ዲስኬቶች ይዘታቸው አልጠፋም፤ የሚያነበው ግን የለም። ይህን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ዛሬም ይቻላል፤ የቀድሞውን ፕሮግራም የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ ግን እጅግ ይከብዳል።

5. የአቀባዩ ስም ይጻፍ ወይስ ይሰወር?

በብዝኃ ሙያ ቡድን ውስጥ ከሁሉ የከረረው አለመግባባት የሚነሣው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የጤና ባለሙያው ሥነምግባር የመረጃ አቀባዩን ስም ሰውር ይለዋል። የሥነቃል አጥኚው ሥነምግባር ደግሞ ጻፍ ይለዋል። አንድ የተዋጣላቸው ግጥም አውጪ እናት ስማቸው ተፍቆ «አቀባይ 07» ተብለው ከቀረቡ፣ የፈጠራ ባለቤትነታቸው ተወስዷል ማለት ነው። በአንጻሩ እኚሁ እናት ስለ ሕመማቸው የተናገሩት ከስማቸው ጋር ቢወጣ ይጎዳሉ።

ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚሆነው አንዱ ደንብ ለሁሉም መረጃ እንዲሠራ ሲደረግ ነው። መፍትሔው ስምምነትን በመረጃ ዓይነት መለየት ነው። አቀባይዋ «ግጥሜ በስሜ ይጻፍ፣ ስለ ጤናዬ ያልኩት ግን አይጻፍ» ለማለት እንዲችሉ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መቅረብ አለባቸው። ፈቃዱም በሚገባቸው ቋንቋ ተጠይቆ በድምፅ ጭምር ቢያዝ ይመረጣል። ፊርማ ብቻውን ማንበብ ለማይችል ሰው ማስረጃ አይሆንም።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብ መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ይደነግጋል። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የማኅበረሰብን የዕውቀት መብት ያውቃል። ይህም የባህል መድኃኒት ዕውቀትን ለሚመዘግቡ የሥነቃልና የዕጽዋት አጥኚዎች በእጅጉ ይመለከታቸዋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እና የብሔራዊ ቤተመዛግብትና ቤተመጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991ም መታየት አለባቸው። ቡድኑ እነዚህን አዋጆች መስክ ከመውጣቱ በፊት ማንበብ ይኖርበታል፤ ከመጣ በኋላ ማንበብ ጸጸትን እንጂ መፍትሔን አያመጣም።

6. ዳሰሳው እንዴት ይካሄድ?

እ.ኤ.አ. በ2008 በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ አንድ የመረጃ ቆጠራ ዘዴ አለ። ዘዴው አራት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ማቀድ፣ ያለውን መረጃ ለይቶ መመደብ፣ አያያዙን መገምገምና የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ናቸው። አካሄዱ ለእኛም ይሠራል፤ ይሁን እንጂ በአገራችን ሁኔታ መቃኘት ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ነጥብ የጥያቄው ዓይነት ነው። ለተመራማሪ «ምን ያስፈልግዎታል?» የሚል መጠይቅ ቢሰጠው ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ሥልጠና ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ከማንኛውም ቢሮ የሚገኝ ነው። ከዚህ ይልቅ «ከአምስት ዓመት በፊት ያጠኑትን ጥናት ጥሬ መረጃ አሁን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ተመራማሪው ፍለጋ ሲጀምር እውነተኛው ፍላጎቱ ይገለጣል። ፍላሹ ከተገኘ ይከፈታል ወይ? ከተከፈተ የዓምዶቹ ምሕጻረ ቃላት ይታወሳሉ? የረዳት አጥኚው ላፕቶፕ ላይ የነበረው ክፍልስ? አጠር ያለ የአንድ ሰዓት ቆይታ ከሃያ ገጽ መጠይቅ የበለጠ ይናገራል።

ሁለተኛው ነጥብ መረጃውን በመተካት አቅሙ መመደብ ነው። አንደኛው ምድብ ፈጽሞ የማይተካ ነው፤ የሽማግሌ ትረካ፣ የአንድ ክረምት ልኬት፣ አሮጌ ደብዳቤ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው በወጪና በድካም የሚተካ ሲሆን ሦስተኛው ከሌላ ቦታ በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ የታተመ አዋጅ ወይም የሳተላይት ምስል ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ገንዘቡ ውሱን በመሆኑ ጥበቃው ከመጀመሪያው ምድብ መጀመር አለበት። በወለጋ ይህ ምድብ ባለፉት ዓመታት ሰፍቷል። በአካባቢው በደረሰው ግጭትና መፈናቀል ምክንያት ቀድሞ የተቀዱ አቀባዮች ዛሬ በቀበሌያቸው ላይገኙ ይችላሉ። ትናንት በድካም ይተካል የተባለው መረጃ ዛሬ የማይተካ ሆኗል።

ሦስተኛው ነጥብ የቦታውን እውነታ መቀበል ነው። በሌላው ዓለም የሚመከረው ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቦታው ርቆ እንዲቀመጥ ነው። ብዙዎች ሦስተኛውን ቅጂ በኢንተርኔት ያስቀምጣሉ። በ2012 ዓ.ም. ግን በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ በዚያን ጊዜ ዕቅድ አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በነቀምቴ፣ ሌላው በሻምቡ ወይም በጊምቢ፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባ በዲስክ ቢቀመጥ፣ ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ ተጨማሪ ቢላክ ይመረጣል። ዲስኮቹም በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው ሊፈተሹ ይገባል። ተቆልፎ የተረሳ ዲስክ ከተረሳው ካሴት አይለይም።

አራተኛው ነጥብ ኃላፊነትን በስም መስጠት ነው። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንም። ከአባላቱ አንዱ፣ ቢቻል ከቤተመጻሕፍት ባለሙያ ጋር በመሆን፣ የቦታና የሰው ስሞችን አጻጻፍ ዝርዝር፣ የዘመን አጻጻፍ ደንብና የፋይል አሰያየም ሥርዓት ጽፎ ለሁሉም መስጠት አለበት። ይህ ሁለት ገጽ የማይሞላ ወረቀት መስክ ከመውጣት በፊት ከተዘጋጀ፣ ከመስክ መልስ የብዙ ወራት ድካም ይቀንሳል።

በፖሊሲ በኩል መሠረቱ ተጥሏል። በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው የከፍተኛ ትምህርት ክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር ውጤቱ በብሔራዊው የዲጂታል ማኅደር እንዲቀመጥ፣ ተመራማሪዎችም የመረጃ አያያዝ ዕቅዳቸውን ለምርምር ጽሕፈት ቤትና ለቤተመጻሕፍት እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። መመዘኛውም እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁት አራት መርሆች ናቸው፤ መረጃው የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላው ጋር የሚጣመርና ዳግም የሚያገለግል እንዲሆን ይላሉ። ክፍት ማለት ግን ሁሉም ለሁሉም ይገለጥ ማለት እንዳልሆነ መገንዘብ ያሻል። የተዘጋ መረጃም ቢሆን መኖሩ፣ የት እንዳለና በማን ፈቃድ እንደሚታይ ከተመዘገበ መርሆቹን ያሟላል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ለማሳየት እንደተሞከረው፣ የብዝኃ ሙያ ቡድን የመረጃ አያያዝ ፍላጎት በአንድ ቅጽ የሚሞላ አይደለም። ግብርናው ቀጣይነትን፣ ጤናው ምሥጢራዊነትን፣ ጂኦግራፊው ትክክለኛ የቦታ ስምን፣ ታሪኩ የሰነድ ሙሉነትን፣ ሥነቃሉ ድምፅንና የባለቤትነት ክብርን ይሻል። የዳሰሳው ሥራ እነዚህ የሚጋጩበትን ቦታ ቀድሞ መፈለግና በጽሑፍ መስማማት ነው።

የሥነጽሑፍ ትምህርት ክፍል በዚህ ሥራ ጠባቂ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ስሞችን አስተካክሎ መጻፍ፣ ትርጉምን ከመነሻው ጋር ማስተያየት፣ የአንድን ቃል አመጣጥ መመርመር የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ቡድኑ የሚቸገረውም በእነዚሁ ነው። እንግዲህ ጅማሬው ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያስገባ የቀዳውን ድምፅና አንድ ገጽ መግለጫ አብሮ ቢያስገባ፣ አማካሪውም ይህን ሳያይ ባይፈርም፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ትምህርት ክፍሉ የራሱ ማኅደር ይኖረዋል። በመግለጫው ላይ የሚጻፈው ማን ተናገረ፣ የት፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ፣ በምን ፈቃድ የሚሉ አምስት መልሶች ብቻ ናቸው። ይህ ጸሐፊ በአራት ካሴቶቹ ላይ እነዚያን አምስት መልሶች ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያ ደቦ አውጪ ዛሬ በስማቸው በተጠሩ ነበር።